ስለ ተማሪ መውደቅና ስለ መምህር ኀላፊነት

ተማሪ በፈተና በወደቀ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ነው። መምህሩ ተማሪው ሰነፍ ነው ይላል፤ ወላጁ መምህሩ አላስተማረውም ይላል፤ ሹሙ ገንዘብ አልበቃንም ይላል፤ ተማሪው ደግሞ ፈተናው ከባድ ነበር ይላል። እያንዳንዳቸው በተናገሩት ቃል ውስጥ ጥቂት እውነት አይታጣም። ነገር ግን አራቱ መልሶች በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ተናጋሪ ራሱን ከነገሩ ማውጣቱ ነው። ሁሉም ከወጡ በኋላ በነገሩ ውስጥ የሚቀረው ያው የወደቀው ልጅ ብቻ ይሆናል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው የትምህርት አስተዳደርን ጥበብ አይደለም፤ ያ የባለሙያዎች ድርሻ ነው። የምንመረምረው የኅሊናን ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ተማሪ የመውደቅ መብት አለውን? መምህሩስ ትምህርቱን በሰዓቱ ገብቶ ከሰጠ በኋላ ተማሪው ቢወድቅ ከዕዳ ነጻ ነውን? ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከማውጣትና ከማውረድ በእውነት በተደረገ ነገር ላይ አኑሮ መመርመር ይሻላልና፣ አስቀድመን የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ እንናገራለን። በጽሑፋችን የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ክፍል፣ ከቦስተን ከተማ በስተደቡብ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ብሮክተን የምትባል ከተማ አለች። ይህች ከተማ በቀድሞ ዘመን በጫማ ሥራ የታወቀች ነበረች። የጫማው ሥራ እየቀዘቀዘ ከሄደ በኋላ ግን ብዙዎች ነዋሪዎቿ በድኽነት ላይ ወደቁ። ከኬፕ ቬርዴ ደሴቶች፣ ከሃይቲና ከሌላም አገር የመጡ ሰዎች ከቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ጋር ተቀላቅለው ይኖሩባታል። የከተማዋ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንድ ግቢ ውስጥ ከ4,000 በላይ ተማሪዎችን ሰብስቦ ያስተምር ነበር። ከተማሪዎቹም የሚበዙት ከድኻ ቤት የመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹም በቤታቸው የሚነጋገሩት ከእንግሊዝኛ በቀር በሆነ ቋንቋ ነው።

በ1993 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ መንግሥት የትምህርት ማሻሻያ ሕግ አወጣ። በዚህም ሕግ መሠረት በ1998 ዓ.ም. በክፍለ አገሩ ሁሉ ለሚገኙ ተማሪዎች አንድ ዐይነት ፈተና ተሰጠ። ውጤቱ በተገለጠ ጊዜ ከብሮክተን የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶው 44ቱ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ከመቶው 75ቱ ደግሞ በሒሳብ ወድቀው ተገኙ። ከዚህም ሌላ በ2003 ዓ.ም. ከሚፈጽሙት ተማሪዎች ጀምሮ ይህን ፈተና ያላለፈ ሁሉ የምስክር ወረቀት እንዳይቀበል ተወስኖ ነበርና፣ ነገሩ የቍጥር ጕዳይ ብቻ አልነበረም። በሺሕ የሚቈጠሩ ልጆች ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምረው ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ቀን ተቈርጦ ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት በመምህራኑ መካከል የሚነገር አንድ የተለመደ ቃል ነበረ፤ ይኸውም «ተማሪዎች ከፈለጉ የመውደቅ መብት አላቸው» የሚል ነው። ማንም በጽሑፍ አልደነገገውም፤ ነገር ግን እንደ ሕግ ሆኖ ይሠራ ነበር። እኛም አስቀድመን ይህን ቃል እንመርምረው፤ በዚያ ትምህርት ቤት ብቻ የቀረ ቃል አይደለምና።

ይህ አነጋገር ሲሰሙት ጥበብ ያለበት ይመስላል። ሰው በፈቃዱ የሚኖር ፍጥረት ነው፤ መልካሙንም ክፉውንም መምረጥ ይችላል፤ በግድ የሚማር ተማሪ በአፉ ቢያጠና በልቡ አያኖረውም፤ ስለዚህ «አልማርም» ያለውን መተው ፈቃዱን ማክበር ነው ይላሉ። በእርግጥም ፈቃድ የሌለበት ትምህርት ፍሬ እንደማያፈራ እናምናለን። ዳሩ ግን ምርጫ የሚባለው ሁለት መንገድ በፊቱ የተከፈተለት ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ዋና የሚያውቅ ሰው ወንዝ ዳር ቆሞ «አልሻገርም» ቢል መረጠ እንለዋለን። ዋና የማያውቀው ሰው ግን ከወንዙ ዳር ቢቀር መረጠ አንለውም፤ አልቻለም እንለዋለን እንጂ።

እንግዲህ አንድ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ መጽሐፉን ገልጦ የተጻፈውን ባያስተውል፣ መምህሩም ሲጠይቀው የሚመልሰው ቢያጣ፣ ከጓደኞቹ ፊት እንዳያፍር ምን ይላል? «አልወድም» ይላል። «አልወድም» ማለት «አልችልም» ከማለት የቀለለ ኀፍረት ነውና፣ ስንፍናን እንደ ልብስ ለብሶ አለመቻሉን ይሸፍንበታል። ልብሱን ብቻ አይቶ «ይህ ሰነፍ ነው፤ የመረጠውን አገኘ» ብሎ የሚያልፍ መምህር የተማሪውን ፊት አላየም። ከልብሱ በታች ያለውን የሚያይ መምህር ግን ማንበብ ያልተማረውን ልጅ ያገኘዋል።

ሁለተኛም፣ ምርጫ የሚባለው የሚመርጠው ሰው የሚከተለውን ነገር መመዘን ሲችል ነው። በብዙ አገር ሕግ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የአባቱን ርስት ሊሸጥ፣ ዕዳም ሊፈርም አይችልም። ቢፈርም ፊርማው ከንቱ ነው። የአባቱን ርስት እንዲሸጥ ያልተፈቀደለት ልጅ የራሱን ዕድሜ ሁሉ እንዲሸጥ እንዴት ይፈቀድለታል?

ሦስተኛም፣ መብት ሲሰጥ የሚጠቀምበት ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ልጁ የመውደቅ መብት አለው በተባለ ጊዜ ልጁ ያገኘው ጥቅም የለም። ዕረፍቱን ያገኘው ሊያስተምረው ይደክም የነበረው ሰው ነው። መብቱ በልጁ ስም ተጻፈ እንጂ ገቢው የሌላ ሰው ሆነ። ስለዚህም ይህን አነጋገር ፈቃድን ማክበር ብለን ልንጠራው አንችልም፤ ትክክለኛ ስሙ መተው ነው።

ይህን ካልን በኋላ መምህራኑ ምን እንዳደረጉ እንናገር። ከውጤቱ በኋላ ነገሩ ያሳፈራቸው ጥቂት መምህራን ተሰበሰቡ፤ ከእነርሱም አንዷ በዚያን ጊዜ የታሪክ ትምህርት ክፍል ኀላፊ የነበሩትና በኋላ ከ2004 እስከ 2013 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ ዋና አስተዳዳሪ የሆኑት ዶክተር ሱዛን ሻኮዊች ነበሩ። በቅዳሜ ቀን እየተገናኙ መከሩ። ምክራቸውም «ልጆቻችን በየትኛው ትምህርት ደከሙ?» የሚል ብቻ አልነበረም፤ «በትምህርቱ ሁሉ ውስጥ ማድረግ ያቃታቸው ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። መልሱንም በአራት ነገር ወሰኑት፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና በምክንያት ማሰብ። የሒሳቡ ጥያቄ በቃል ተጽፎ ሲቀርብ የማያስተውለው ተማሪ መደመርና መቀነስ ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል? የሳይንሱን ነገር በልቡ ቢያውቀው እንኳ በጽሑፍ ማስረዳት ካልቻለ ዕውቀቱ በእርሱ ዘንድ ታስሮ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ከምክሩ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። እነዚህ አራት ነገሮች የቋንቋ መምህራን ሸክም ብቻ እንዳይሆኑ፣ መምህር የተባለ ሁሉ እንዲያስተምራቸው ተወሰነ። የታሪክ፣ የሳይንስ፣ የሒሳብና የሥዕል መምህራን፣ የሰውነት ማጠንከሪያ መምህሩም ሳይቀር ንባብና ጽሕፈት እንዲያስተምሩ ተጠየቁ። አራቱ ነገሮች ተጽፈው በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ለአንድ ጥያቄ በጽሑፍ እንዴት መልስ እንደሚሰጥ ሥርዐቱ በተራ ተዘረዘረ። አንዱ የትምህርት ክፍል በዚህ ሳምንት፣ ሌላው በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ሥርዐት እንዲያስተምር የጊዜ ሰሌዳ ወጣ። በዚህም ምክንያት ተማሪው በታሪክ ክፍል የሰማውን ሥርዐት ወደ ሳይንስ ክፍል ሲገባ ያገኘዋል፣ ወደ ሒሳብም ሲሄድ ይደግምለታል።

መምህራኑ ራሳቸውም ሳይሠለጥኑ እንዲያስተምሩ አልተደረገም፤ ከመካከላቸው ያወቁት ያላወቁትን በትንንሽ ጉባኤ እየተሰበሰቡ አስተማሩ። የየትምህርቱ ክፍል ኀላፊዎችም ተማሪዎቹ የጻፉትን እየሰበሰቡ ይመረምሩ ነበር። በመጀመሪያ የተቃወሙ መምህራን አልታጡም። «እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ጽሕፈት ማስተማር ሥራዬ አይደለም» የሚለው ቃል በየትም አገር የሚሰማ ነው። ሆኖም ሥራውን የጀመሩት ሰዎች የመምህራኑን የሥራ ውል ጠብቀው፣ ማንንም ከውሉ ውጭ ሳያስገድዱ፣ እያስረዱና ውጤቱን እያሳዩ ሄዱ።

ፍሬው ፈጥኖ ታየ። በ2001 ዓ.ም. በተሰጠው ፈተና ባለፈው ዓመት ወድቀው በዚያ ዓመት ካለፉ ተማሪዎች ብዛት የተነሣ ብሮክተን በማሳቹሴትስ ካሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ በላጭ ሆነ። በ2009 ዓ.ም. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሮናልድ ፈርጉሰን የተባሉት ሊቅ በሚመሩት ጥናት ምሳሌ ይሆናሉ ተብለው ከቀረቡት 15 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ ይኸው ትምህርት ቤት ነበረ። በ2010 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ፣ ብሮክተን በማሳቹሴትስ ካሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመቶው ዘጠናውን እንደ በለጠ ጻፈ። በዚያም ወራት በአሜሪካ ብዙዎች «ትልቅ ትምህርት ቤት ሊሻሻል አይችልምና ተከፋፍሎ ይነስ» ይሉ ነበር፤ ይህ ትምህርት ቤት ግን ሳይከፋፈል ተሻሻለ። የድኻ ልጆችና የስደተኛ ልጆች መሆናቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ሌላ ነው።

ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው? እኛ እንደሚመስለን ሦስት ነገር ተለውጧል፤ ሦስቱም የኅሊና ነገሮች ናቸው።

አንደኛው፣ ኀላፊነት ስሜት መሆኑ ቀርቶ ሥራ መሆኑ ነው። የሁሉ የሆነ ነገር የማንም አይሆንም እንደሚባለው፣ «ለልጆቹ ሁላችንም እናስብላቸው» ብሎ መለያየት ቀላል ነው። ከጉባኤ ሲወጡ ልብ ይሞቃል፤ በማግሥቱ ግን ማን ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም። እነዚህ መምህራን ማን፣ በየትኛው ሳምንት፣ ምን እንደሚያስተምር ጻፉ፤ ከዚያም ተማሪው የሠራውን አዩ። ቀን ያልተቈረጠለትና የሚያየው ያልተገኘለት ኀላፊነት የምኞት ያህል ነው።

ሁለተኛው፣ ርኅራኄ መልኩን መለወጡ ነው። ከድኻ ቤት ወይም ከሩቅ አገር ለመጣ ልጅ ሁለት ዐይነት ርኅራኄ ይቀርብለታል። የመጀመሪያው «ይህ ልጅ ቋንቋውን አያውቅም፤ አባቱም ድኻ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ቢያውቅ ይበቃዋልና እናሳልፈው» የሚል ነው። ይህ ርኅራኄ በአፍ ሲነገር ጣፋጭ ነው፤ በውስጡ ግን ንቀት አለበት፤ «ከአንተ ዘንድ ብዙ አይጠበቅም» ማለት ነውና። ልጁም ዕውቀት የሌለበትን ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ያልተማረ መሆኑንም የሚነግረው መምህሩ ሳይሆን ባዕድ አሠሪ ይሆናል። ሁለተኛው ርኅራኄ ግን ልኩን ሳይቀንስ እጁን ይዘረጋል። «ወደዚህ ትደርሳለህ፤ እስክትደርስ ድረስ ከአንተ ጋራ ነኝ» ይላል።

ልጆቹ ከልዩ ልዩ አገርና ቋንቋ የመጡ በሆኑ ጊዜ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይገለጣል። ከሃይቲ የመጣ ልጅ ዐዋቂ ሊሆን ይችላል፤ ዕውቀቱ ግን በራሱ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ አለመቻሉን አለማወቅ አድርጎ የሚቈጥርበት መምህር ይበድለዋል፤ ቋንቋውን ሳያስተምረው ስለ አዘነለት ብቻ የሚያሳልፈውም ይበድለዋል። ለሁሉ እኩል መሆን ማለት ለሁሉ አንድ ዐይነት ሰዓትና አንድ ዐይነት ድጋፍ መስጠት ማለት አይደለም። የሚደርሱበትን ቦታ አንድ አድርጎ፣ ከሩቅ ለሚነሣው የሚበልጥ ስንቅ መስጠት ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ የመምህሩ ዕዳ ወሰኑ መታወቁ ነው። ምናልባት አንድ መምህር ይህን ጽሑፍ ሲያነብ «የተራበ ልጅ፣ እናቱ የታመመች ልጅ፣ መጽሐፍ የሌለው ልጅ ይዤ ስለ መውደቁ ልጠየቅ ይገባልን?» ብሎ ይቈጣ ይሆናል። ቍጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ድኽነትን መምህር አላመጣውም፤ ብቻውንም ሊያጠፋው አይችልም። ስለ ድኽነቱ መምህሩን የሚወቅስ ሹም የራሱን ዕዳ በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ይጥላል። ነገር ግን ገበሬ ስለ ዝናቡ አይጠየቅም፣ ስለ እርሻው ግን ይጠየቃል። ዝናቡ ቢቀር ሰው ሁሉ ያዝንለታል፤ ዝናቡ ዘንቦ ማሳው ሳይታረስ ቢገኝ ግን «ልማዱ ነው፣ ይህ መሬት አያበቅልም» ቢል የሚሰማው የለም። የብሮክተን መምህራን የልጆቹን ቤት አልለወጡም፤ ልጆቹ በእጃቸው ባሉበት ሰዓት የሚሠራውን ለወጡ።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባ ሌላ ተቃውሞ አለ። «ፈተና የሰውን ዕውቀት ሁሉ ይመዝናልን? ትምህርትንስ የማርክ ባሪያ ማድረግ አይሆንምን?» የሚሉ አሉ። የማሳቹሴትስ ሕዝብ ራሱ በኅዳር 2024 ዓ.ም. በሰጠው ድምፅ ይህን ፈተና ማለፍ የምስክር ወረቀት ለማግኘት ግዴታ መሆኑን አስቀርቶታል። እኛም ፈተና የሰውን ልብ ሁሉ እንደማይመዝን እናውቃለን፤ ትዕግሥትን፣ ታማኝነትን፣ ለጓደኛ ማዘንን የሚመዝን ወረቀት የለም። ሆኖም ሚዛኑን ቢሰብሩት እህሉ አይጨምርም። ማንበብ የማይችለው ልጅ ፈተናው ቢቀርለት ማንበብ የሚችል አይሆንም። እንደዚሁም ደግሞ በሬ በየቀኑ ስለ ተመዘነ አይሰባም። ፈተና ችግሩን ያሳያል፤ የሚያድነው ግን ማስተማር ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ውጤት ለብሮክተን ጥቅም የሰጠው፣ ካዩት በኋላ ወደ ሥራ የገቡ ሰዎች በመገኘታቸው ነው።

ይህ ነገር ለእኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ላደግን ሰዎች ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በንባብ ቤት ተማሪው ያንኑ ንባብ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ እየደጋገመ ይወጣዋል እንጂ አንድ ጊዜ ሰምቶ አይተወውም። የቅኔ ተማሪ በየዕለቱ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም የእያንዳንዱን ሰምቶ ያርማል፤ ጉባኤ ቃናን ያላወቀ ወደ ዘአምላኪየ አይሻገርም። ቀደም ብሎ የገባው ተማሪ ኋላ የመጣውን ያስጠናዋል። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ የመጡ ልጆች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ይማራሉ፤ በአገሩ ምክንያት ልኩ የሚቀነስለትም የለም። መደጋገም፣ የተማሪውን ሥራ በየዕለቱ ማየት፣ ያወቀው ላላወቀው ማስተማሩ፣ ለሁሉ አንድ ልክ፤ ይህ ሁሉ በቤታችን የነበረ ነው።

ዳሩ ግን ቤታችንን ስናመሰግን ጕድለቱን መደበቅ አይገባንም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ቍራሽ እየለመነ ከተማረው ልጅ ስንቱ ከመንገድ ቀርቷል? ሊቃውንት ሆነው የወጡትን በስም እንቈጥራለን፤ በራብና በበሽታ ያቋረጡትን፣ ወይም መምህሩ ሳያስተውላቸው ከኋላ ተቀምጠው የቀሩትን ግን የቈጠራቸው የለም። ስለ እነርሱ የሚነገረው «ትምህርት አልተገለጠለትም» የሚል ቃል ነበረ። በብሮክተን «መብቱ ነው» ይሉ እንደ ነበረ፣ በእኛም ዘንድ «አልተገለጠለትም» ይባል ነበር። አንደኛው በልጁ ፈቃድ፣ ሁለተኛው በልጁ ዕድል ያሳብባል፤ ሁለቱም ግን ከመጠየቅ ያድናሉ። እውነተኛ የማስተዋል ልዩነት በሰዎች መካከል መኖሩን አንክድም፤ ሁሉ ሊቅ አይሆንም። ነገር ግን «አልተገለጠለትም» ለማለት የሚችለው በሚችለው መንገድ ሁሉ ለመግለጥ የደከመ መምህር ብቻ ነው።

ይህንም የምንናገረው አሁን በአገራችን ያለው ነገር ስለሚያስገድደን ነው። በ2022 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኵረጃን ለመከልከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። በጥር 2023 ዓ.ም. ውጤቱ ሲገለጥ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶው 3.3 ማለት ነው። አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺሕ በላይ ሆኑ። በ2023 ዓ.ም. ያለፉት ከመቶው 3.2፣ በ2024 ዓ.ም. 5.4፣ በ2025 ዓ.ም. 8.4 ሆነዋል። መሻሻል አለ፤ ግን ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ዛሬም ከበሩ ውጭ ናቸው።

ኵረጃው መከልከሉ መልካም ነው፤ የተሸፈነውን ገልጧልና። ይሁን እንጂ ያ ውጤት በተሰማ ጊዜ በየቤቱና በየመንገዱ የተነገረውን ያስታውሷል። ከፊሉ ልጆቹን ሰነፎች አላቸው፤ ከፊሉ መምህራኑን፣ ከፊሉ መንግሥትን ወቀሰ። በዐሥራ ሁለተኛው ክፍል የወደቀው ልጅ ግን የወደቀው በዚያ ቀን አይደለም። በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍል አጥርቶ ሳያነብ ወደ አምስተኛው ሲሻገር፣ ከዚያም በየዓመቱ ሳያስተውል ሲያልፍ፣ ያየው ሰው ስለሌለ ነው። በጦርነት ምክንያት ትምህርት የተቋረጠባቸው፣ ትምህርት ቤታቸው የፈረሰባቸው ልጆች ደግሞ ሌላ ኀዘን አላቸው፤ እነርሱን ሰነፍ ብሎ መጥራት ግፍ ነው።

የብሮክተንን ሥራ እንዳለ አምጥተን በአገራችን እንትከለው አንልም። የአገሩ ሀብት፣ የመምህሩ ደመወዝ፣ የመጽሐፉ ብዛት ልዩ ነው። ከዚያ የምንወስደው ጥያቄውን ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ መምህራን በአንድነት ተቀምጠው «ልጆቻችን በትምህርቱ ሁሉ ውስጥ ማድረግ ያቃታቸው አንድ ነገር ምንድን ነው? እኛስ ሁላችን በየትኛው ቀን፣ በምን ሥርዐት እናስተምረዋለን? መማራቸውንስ በምን እናያለን?» ብለው ለመጠየቅ ዶላር አያስፈልጋቸውም። ቅዳሜ ብቻ ይበቃቸዋል።

የዚያን ትምህርት ቤት ታሪክ በመልካሙ ብቻ ፈጽመን ብንተወው ግን ሐሰት ይሆንብናል። በ2023 ዓ.ም. የብሮክተን ትምህርት ቤቶች በጀት በብዙ ሚሊዮን ዶላር ጐድሎ ተገኘ። በትምህርት ቤቱም ውስጥ ጠብና ሁከት በዛ፤ መምህራንም አነሱ። በየካቲት 2024 ዓ.ም. ከከተማው የትምህርት ቤት ጉባኤ አባሎች አራቱ ሥርዐት የሚያስከብር ብሔራዊ ዘብ እንዲላክላቸው እስከ መጠየቅ ደረሱ፤ የክፍለ አገሩ ገዢ ግን ዘቡን አልላኩም። ለምሳሌ ተመርጦ የነበረ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ደረሰበት።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ የመምህራን ትጋት ገንዘብን አይተካም የሚል ነው። መምህሩ ቢተጋ፣ የሚከፈለውና የሚያግዘው ከሌለ ትጋቱ ያልቃል፤ «መምህራን ከተጉ ሁሉ ይቃናል» እያለ በጀቱን የሚያጐድል ሹም ከዚህ ታሪክ ድጋፍ አያገኝም። ሁለተኛው፣ እንዲህ ያለው ሥራ እንደ ድንጋይ ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚኖር አይደለም የሚል ነው። ይልቁንም እንደ ምድጃ እሳት ነው፤ ዛሬ የሚነደው ዛሬ በተጨመረለት እንጨት ነው፤ ትናንት በደመቀው ነበልባል ዛሬ የሚሞቅ የለም። በየዓመቱ አዲስ ልጆች ይገባሉ፤ እነርሱ በ2001 ዓ.ም. በተደረገው ነገር አይማሩም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ተማሪ የመውደቅ መብት አለውን? የለውም እንላለን። የመሳሳት፣ የመዘግየት፣ ሌላ ሙያ የመምረጥ መብት አለው፤ ሰው ሆኖ የተፈጠረ ነውና። ሳይማር የመተው መብት ግን ለልጅ የሚሰጥ ስጦታ አይደለም፤ ከልጅ የሚወሰድ ነገር ነው። መምህሩስ ትምህርቱን በሰዓቱ ከሰጠ በኋላ ነጻ ነውን? ትምህርት መስጠት ማለት ተናግሮ መውጣት ከሆነ ነጻ ነው፤ ተማሪው ማወቁን እስኪያዩ ድረስ መድከም ከሆነ ግን ገና ዕዳ አለበት። ይህም ዕዳ የእርሱ ብቻ አይደለም። ልጁን ማታ «ምን ተማርህ? አንብብልኝ» ብሎ የማይጠይቅ ወላጅ፣ ፊደል ባያውቅ እንኳ ተቀምጦ የማይሰማው ወላጅ፣ ከዕዳው ድርሻ አለው። በየደብሩ ያለን መምህራንም ቅዳሴ ሲፈጸም በግቢያችን የሚሯሯጡትን ልጆች ሰብስበን «የትምህርት ቤት መጽሐፍህን አምጣ፤ እስቲ አንድ ገጽ አንብብልን» ለማለት የሚከለክለን የለም።

ስለዚህ «ጥፋቱ የማን ነው?» ከማለት በፊት እያንዳንዳችን በእጃችን ያለውን አንድ ልጅ ጠርተን እናስነብበው። ካነበበ ደስ ይበለን፤ ካላነበበ ደግሞ የነገ ሥራችን ታውቋል።